ቀሪ ሩጫ

አብነት ኦርካይዶ በ2071 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ አሥራ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፣ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሩጫ ተሰጠው።

ቁጥሩን የነገሩት የአርባ ምንጩ ሞገድ ስፖርት ክለብ የሩጫ አስተዳደር ኃላፊ ዶክተር ኬሪያ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ከቀኝ ጉልበቱ በላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አስገቡለት። ቦታውን በጥጥ ጫን አድርገው ትንሽ ከቆዩ በኋላ በግራ እጁ አንጓ ላይ ማሰሪያ አሰሩለት። ማሰሪያው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች።

«ጥሩ ቁጥር ነው» አሉት። «ባለፈው ዓመት ከገቡት ልጆች ዘጠኝ ሺህ ያለፈ አልነበረም።»

«ሲያልቅስ ዶክተር?»

«ሲያልቅ ጉልበትህ አለቀ ማለት ነው። ሊግ ውስጥ አትጫወትም።» ጥጡን አንስተው አዩት። «የቀኑን ፈቃድ ጠዋት ጠዋት እናሳውቅሃለን። መብራቱ ቀይ ሲሆን ትቆማለህ። ሌላ የሚከብድ ነገር የለውም።»

ሩጫ ሲባል ሙሉ ሩጫ ነው። ተጫዋቹ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ከአሥር ሜትር በላይ ሲፈተለክ አንድ ተብሎ ይቀነስበታል። ሶምሶማ አይቆጠርም፣ እርምጃ አይቆጠርም። የት እንደሮጠ ግን አይጠየቅም፤ ሜዳ ላይም ይሁን ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ፍሬዋ ያው ትቆጥራለች።

ስለዚህ የሞገድ ተጫዋቾች ከሜዳ ውጪ አይሮጡም ነበር። ዝናብ ሲመጣ የሲቀላ ሰፈር ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ሲሯሯጥ እነሱ በመንገዱ መሀል በእርጋታ እየረጠቡ ይሄዳሉ፤ ሰውም በዚያ ያውቃቸዋል። ሲገናኙ ሰላምታቸው «ቀሪህ ስንት ነው?» ነው። ስታዲየም ውስጥ ሰሌዳው ላይ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎን ቀሪው ሩጫ በትልቁ ይጻፋል፤ ደጋፊው ከጎሉ ይልቅ እሱን ሲያይ ይውላል። አብነት በገባ በሦስተኛው ወር የሴቻ ሰፈር ዳገት ላይ ውሻ አባረረው። ቆሞ ተነከሰ። ክለቡ የእብድ ውሻ በሽታ መርፌ አስወጋው፤ በወሩ ስብሰባ ላይም ስሙ በምስጋና ተነሳ።

እውነቱን ለመናገር አብነት ለዚህ ኑሮ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ቀድሞም ቢሆን ብዙ የሚሮጥ አጥቂ አልነበረም። ኳስ የት እንደምትወድቅ ከሌላው ሰው በፊት ይታየዋል፤ እዚያ ሄዶ ይቆማል። በጨዋታ አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ አራት ሩጫ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ጎል፣ በሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ አገባ።

ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱን ያቀበለው የቀኝ መስመር ተጫዋቹ ኸይረዲን ነው።

ኸይረዲን ሙዘይን በአራት ዓመት ይበልጠዋል። ሲገባ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ተሰጥቶት ነበር፤ እንደ ሎተሪ ገንዘብ በተነው። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ መብራት አያይም። በልምምድ ላይ ይሮጣል፤ ጎል ሲገባ የማዕዘኑን ባንዲራ ዞሮ እስኪመለስ ይሮጣል፤ አንዴ አውቶቡሱ ጥሎት ሊሄድ ሲል አንድ ኪሎ ሜትር ተከትሎ ሮጦ በመስኮት እየሳቀ ገባ። ዶክተር ኬሪያ ስንት ጊዜ ቢሮ ጠርተው ለመኑት። አብነትም ለምኖታል።

«ኸይሩ፣ በዚህ አያያዝህ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላህም እኮ።»

«ምኑ ነው የማይሞላኝ?»

«ቁጥሩን ነው የምልህ።»

«እኔ ስሮጥ ደስ ይለኛል አብኔ» ይለዋል ኸይረዲን። «አንተ ቆመህ ደስ ይልሃል። ሁለታችንም ደስ ካለን ምን ቸገረህ?»

አብነት ሃያ ዓመቱ ላይ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ደጃፍ ደረሰ። የመጨረሻው ጨዋታ አርባ ምንጭ ላይ ነው፤ ማሸነፍ ግድ ነው፣ አቻ አይበቃም። በዚያው ሳምንት ከካዛብላንካ አንድ ክለብ ሁለት ሰዎች መጥተው አብነትን ሊያዩ በክብር መቀመጫው ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ጎል እንደሚያገባ አስቀድመው ያውቃሉ። ሊያዩ የመጡት ቁጥሩን ነው፤ ማሰሪያው የሚለውን የሚሰማ ልጅ መሆኑን።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለአንድ ነበሩ። ከአብነት ስም ጎን ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሰባ፣ ከኸይረዲን ስም ጎን አንድ የሚል ተጽፏል። አንድ። ስታዲየሙን የሞላው አሥራ ስምንት ሺህ ሰው ያችን አንድ እያየ ነው። አሰልጣኙ ሊቀይረው ተነስቶ ነበር፤ ኸይረዲን በእጁ «ተወኝ» አለው።

ኳሷን ከራሳቸው ፍጹም ቅጣት ክልል ጫፍ ላይ አገኛት። ዞረ፤ ሄደ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛው ሸሚዙን ይዞ ለቀቀው። መሀል ሜዳውን ሲያልፍ ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ዜሮ ሆነ፤ ከሕዝቡ «ውይ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እሱ አልሰማም ወይም ሰምቶ ተወው። ሰባ ሜትር ያህል ሮጦ፣ በመጨረሻው ተከላካይና በበረኛው መሀል ባለው ባዶ ሣር ላይ ኳሷን አንከባለላት። አካሄዷ ልስልስ ያለ ነበር። ከአብነት ስምንት እርምጃ ትርቅ ነበር።

አብነት እጁን አየ። መብራቱ ቀይ ነው፤ የዕለቱን አሥራ አራት ጨርሷል።

ቆመ።

ኳሷ በእሱና በጎሉ መሀል አልፋ፣ የግራውን ቋሚ ታክካ ወጣች። ከዚያ በክብር መቀመጫው በኩል ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጭብጨባው እየሰፋ መጣ። ያን ጊዜ ሰው ቁጥር ማንበብ ለምዶ ነበር፤ ልጁ ራሱን እንደጠበቀ ገባው። ጨዋታው በአቻ አልቆ ዋንጫው አመለጠ፤ በማግስቱ የወጣው የሩጫ አስተዳደሩ ሪፖርት ግን ስለዚያች ቅጽበት አንድ መስመር ነበረው፦ «ተጫዋቹ ከፈቃድ በላይ ባለመሮጥ የበሰለ ውሳኔ ወስኗል።»

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ኸይረዲን ጫማውን እየፈታ ሳለ ሌላው ሁሉ ወደ መታጠቢያው ገባ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«አይተሃታል አይደል?» አለ ኸይረዲን ቀና ሳይል።

«አይቻታለሁ።»

«እሺ።»

ጫማውን በማሰሪያው አጋጥሞ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሊግ ውስጥ አልተጫወተም። አብነት በሦስተኛው ሳምንት ወደ ካዛብላንካ ሲሄድ ሊሰናበተው አስቦ ነበር፤ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ «ስደርስ እደውልለታለሁ» አለ። ሲደርስ «ትንሽ ልረጋጋ» አለ። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ብሎ ይደውል?

ካዛብላንካ አሥር ዓመት ተቀመጠ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሰባ ሁለት ጎል አገባ። ብዙዎቹን ቆሞ ነው ያገባቸው፤ ተንታኞቹ ስም አወጡለት፣ «ሐውልቱ» አሉት። ስድቡም ሙገሳውም ነበረበት፤ እሱ እንደ ሙገሳ ወሰደው። አርባ ምንጭ ሳለ የሚያውቃትን ሶስናን፣ የጂኦግራፊ መምህርቷን፣ አግብቶ ወሰዳት። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሶልያና አሏት።

ልጅ እንደሚታወቀው «ያዘኝ» ማለት ይወዳል። ሶልያና መራመድ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ በሳሎኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሮጠች «አባዬ ያዘኝ!» ትል ነበር። አብነት ሶፋው ላይ ሆኖ እጁን ይዘረጋል፤ በአጠገቡ ስታልፍ ይይዛታል። ይህ ለሁለት ዓመት በቃት። አራት ዓመት ሲሆናት ሶፋው ጋ መምጣት ተወች፤ «ያዢኝ» የምትለው እናቷን ሆነ።

አምስት ዓመት ሲሆናት በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን የአባቶች ሩጫ ተዘጋጀ። ሠላሳ ሜትር ነው፤ ለጨዋታ ያህል። የካዛብላንካ ጋዜጠኛ እንኳ መጥቶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አባቶቹ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው እየሳቁ ሮጡ፤ አንዱ ወደቀ። አብነት በእርምጃ ሄዶ መጨረሻ ደረሰ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፤ ታዋቂ ሰው ስለሆነ ቀልድ መሰላቸው። ሶልያና አልሳቀችም።

ሶስና በመኪና ሲመለሱ «አንድ እኮ ነው» አለችው። «ከአምስት ሺህ ላይ አንድ።»

«ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያለ ነው የሚያልቀው ሶሲ። ለማን ብዬ ነው የምቆጥበው? ለእናንተው አይደል?»

ሶስና ወደ ባሕሩ በኩል ዞራ ተቀመጠች።

አብነት ሠላሳ ዓመት በሞላው ክረምት ለዕረፍት ወደ አርባ ምንጭ መጡ። ያረፉት ሴቻ፣ የሶስና ወንድም ቤት ነው። ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ የውኃ መውረጃ ቦይ ላይ ያልቃል፤ የቦዩ ጠርዝ ድንጋይ ነው። ሶልያና ሰባት ዓመቷ ነው። የአጎቷን ልጅ ብስክሌት ይዛ ከበሩ ወጣች። ፍሬኑ እንደማይሠራ የነገራት የለም።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነበር። አብነት ከመንገዱ ዳር፣ ከግራር ጥላ ሥር ቆሞ በስልክ ያወራል። ልጅቷ ስታልፈው አያት። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ፍሬኑን ደጋግማ ጨበጠችው። ብስክሌቱ ፍጥነት ጨመረ። ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ!»

በዚህች ቅጽበት የሆነውን አብነት በኋላ ብዙ ጊዜ ለራሱ ተርኮታል፤ አንድም ጊዜ አሳምሮ ሊተርከው አልቻለም። አልፈራም። ልጁን አልረሳም። ስለ ቁጥሩም አላሰበም፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። አንገቱ ብቻ ራሱ ዘንበል አለና ዓይኑ እጁ ላይ አረፈ። መብራቱ ቀይ ነው፤ የዕረፍት ወር ስለሆነ የዕለቱ ፈቃድ ዜሮ ነው። እግሩ ቆመ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ሲል ሶስና ከበሩ ላይ ባዶ እግሯን ተወርውራ በአጠገቡ እንደ ነፋስ አለፈች፤ ያን ጊዜ እሱም ሮጠ። ግን ብስክሌቱ ድንጋዩን መትቶ ነበር።

ልጅቷ የትከሻ አጥንቷ ተሰበረ፤ ሁለት ጥርሷ ወለቀ። ሐኪሞቹ «እግዜር ነው ያተረፋት» አሉ፤ በስድስት ሳምንት ዳነች። ሰው ሁሉ አብነትን አጽናናው። «ብትሮጥም አትደርስም ነበር» አሉት።

እሱ ግን እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። ሥራው ይኸው ነው። አንድ ነገር በዚህ ፍጥነት ሲንከባለልና እሱ እዚህ ሲቆም፣ ይደርስ አይደርስ እንደሆነ በዓለም ላይ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ሳለ የልጁን ድምፅ ሰማ። አፏ ስላበጠ ቃሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ይል ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ለምን ቆመ?»

«እግሩን አሞት ነው የኔ ቆንጆ» አለቻት ሶስና። «በጣም አሞት ነበር።»

አብነት መጋረጃውን ገልጦ ሊገባ ይችል ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ወዳለው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።

ሶስና ነገሩን አንስታበት አታውቅም። ኑሯቸው ቀጠለ። ግን ከዚያ ወዲህ ልጅቷን የትም ስትወስድ ብቻዋን ትወስዳት ጀመር፤ «አንተ እረፍ» ትለዋለች፤ በትሕትና። አብነት ከካዛብላንካ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ አራት ዓመት ተጫወተ፣ የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን ሊጫወት ወደ ሞገድ ተመለሰ። በጠቅላላው ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ጎል አገባ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ግን ክለቡ ውሉን አላደሰም። ቀሪው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ነበር። ሩጫ ቢተርፈውም ዕድሜው ለአጥቂ ብዙ ነው ተባለ።

ፍሬዋን ለማስወጣት የሩጫ አስተዳደር ቢሮ ሲሄድ ዶክተር ኬሪያ አሁንም እዚያው ነበሩ። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ጡረታቸው ደርሷል። ፍሬዋን አወጡለት፣ ጉልበቱን በራጅ አነሱት፣ ምስሉን ደጋግመው አዩት።

«ችግር አለ ዶክተር?»

«የለም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጉልበት ነው።»

«ስለቆጠብኩ ነዋ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አብነት፣ የምነግርህ ነገር ወረቀት ላይ ገና አልወጣም። ባለፈው ዓመት ሊጉ ቀሪያቸው ዜሮ ገብቶ የወጡትን ሰዎች ጠርቶ መረመረ። ስልሳ አንድ ሰው። ሃምሳ ሦስቱ ምንም አልሆኑም።»

«ምንም ማለት?»

«ጉልበታቸው ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ሲጀመር ከጥቂት መቶ የውጭ አገር ተጫዋቾች የተወሰደ አማካይ ነበር። እኛ ያንን ይዘን ለእያንዳንዱ ልጅ ልክ እንደ ደም ዓይነቱ የራሱ አድርገን ሰጠነው። እኔም አምኜበት ነበር፤ ሳላምን አልሰጠሁህም።»

አብነት ጉልበቱ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ ነካ አደረገ። «ኸይረዲን ከስልሳ አንዱ ውስጥ ነበር?»

«የሰው ምርመራ ልነግርህ አልችልም» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «ጓደኛህ አልነበረም እንዴ? ለምን ራሱን አትጠይቀውም?» አሉት።

ኸይረዲን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጀልባ ይነዳል። እሑድ እሑድ ጠዋት ከጀልባ ነጂዎቹና ከዓሣ ነጋዴዎቹ ጋር ከሲቀላ በታች፣ ከሙዝ ማሳ አጠገብ ባለው ሜዳ ኳስ እንደሚጫወት ከተማው ሁሉ ያውቃል። አብነት ብቻ አያውቅም ነበር።

ጠይቆ እሑድ ጠዋት ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ኸይረዲንን ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም። ሆዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ፊቱ በሐይቁ ፀሐይ ጠቁሯል፤ አርባ ዓመቱ ነው። በቀኝ መስመር ላይ ይሮጣል። ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ ሳይዝም ይሮጣል። አብነት ዳር ቆሞ ሳይታወቀው ይቆጥርለት ጀመር፤ ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ተወው።

ለዕረፍት ሲወጡ ኸይረዲን አየውና ዓይኑን አጥብቦ ቆመ።

«አብኔ? ወላሂ አብኔ ነህ!» በላብ እንደራሰ አቀፈው። «ቀሪህ ስንት ነው?»

«በቀደም አስወጣሁት። ያንተስ?»

«እኔ ዜሮ ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጉልበትህን አያምህም?»

«ወገቤን ነው። እሱም ከጀልባው ነው።»

ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አብነት ዶክተሯ ያሉትን ነገረው። ኸይረዲን ውኃውን እየጠጣ አዳመጠ፤ አልደነገጠም።

«እኔማ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት» አለ። «ጠዋት ተነስቼ ሮጥኩ። ምንም አልሆንኩም። በማግስቱም ሮጥኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የት አግኝቼህ? ደውለህልኝ ታውቃለህ?» ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ጥያቄ ጠየቀው።

አብነት ጥቂት ሣር ነጨ። «የዚያን ቀን መድረስ እችል ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። የማትደርስበት ቦታ መች ልኬልህ አውቃለሁ?»

«ተናደህብኝ ነበር?»

«አንድ ዓመት ሙሉ። ከዚያ ልጆች ወለድኩ፤ ልጅ ሲመጣ ጊዜ የለም።» ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። «ና ግባ። አንድ ሰው ጎድሎናል።»

አብነት ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ኳስ በፊቱ ወደ ባዶ ቦታ ተላከችለት። ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ፣ ከዚያ አንገቱ ዘንበል አለና እጁን አየ። እጁ ላይ ማሰሪያው የነበረበት ነጣ ያለ ቆዳ ብቻ አለ። እግሩ ቆሟል። ደግመው ላኩለት፤ ደግሞ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ ሰዎቹ መላክ ተዉ። ማንም አልሳቀበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሶልያና በረንዳው ላይ እግሯን ሰቅላ ስታነብ አጠገቧ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ብስክሌት ላይ ሆነሽ የወደቅሽ ቀን» አላት፤ «እግሬን አላመመኝም ነበር።»

መጽሐፉን ዝቅ አደረገች። «እማዬ አሞት ነው ብላኝ ነበር።»

«አዎ። አላመመኝም ግን።»

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«እጄ ላይ ያለው መብራት ቀይ ስለነበረ።»

ልጅቷ ይህን አሰበችበት። የነገሩን መልክ ለማየት የምትሞክር ትመስላለች። «ኳስ ሜዳ ላይ አልነበርንም እኮ» አለች።

«አልነበርንም።»

ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እሷ ተነስታ ገባች፤ በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ሶስና ከመስኮቱ ወዲያ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ ልጅቷ በነበረችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ነገርካት?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ብለሽ እየዋሸሽ መኖር የለብሽም ብዬ ነው።»

«ለአንተ ብዬ መች ዋሸሁ?» አለች ሶስና። «ለእሷ ብዬ ነው። የታመመ አባት ነበራት። አሁን እሱንም ወሰድክባት።»

አብነት ይህን አላሰበውም ነበር። ሸክሙን ያወረደ መስሎት ነበር፤ የጫነው ልጁ ላይ ነው።

እሑድ ጠዋት ሲወጣ ሶልያናን ስፖርት ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። «እኔም እመጣለሁ» አለች። መንገዱን ሙሉ ከፊቱ ከፊቱ ሄደች።

ኸይረዲን ሲያያት «ይህቺ በእኛ በኩል ናት!» ብሎ ጮኸ፤ በመስመሩ ላይ ቦታ ሰጣት። አብነት ለሌላው ቡድን ሊሰለፍ ቀረበ። ጀልባ ነጂዎቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ በአክብሮት፣ «ጋሼ አብነት፣ በረኛችን እጁ አብጧል…» አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አብነት ገባው። ሄዶ በሁለቱ የቀርከሃ ቋሚዎች መሀል ቆመ። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ጎል ሲያገባ የበረኛን ቦታ ከዚህ በኩል ሆኖ አይቶት አያውቅም።

ከቆመበት ሜዳው ሁሉ ይታያል። ልጁ ትሮጣለች። አሠልጣኝ የላትም፣ አሯሯጧ ሥርዓት የለውም፤ ክንዷ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል፣ አንዳንዴ ኳሷን ጥላት ታልፍና ተመልሳ ትመጣለች። ያኔ በተሰበረው ትከሻዋ በኩል ትንሽ ታጋድላለች። ይህን ከዚያ በፊት አላስተዋለም። መቼ ሮጣ አይቷት ያውቃል?

ከዕረፍት በኋላ ኳስ አመለጠችና ሶልያና ብቻዋን በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። ጥርሷን ነክሳለች፣ ፊቷ ቀልቷል። አብነት ወዴት እንደምትመታ አወቀ፤ ከሦስት እርምጃ በፊት፣ ከዳሌዋ አጣጣፍ፣ በስተግራው ዝቅ አድርጋ እንደምትመታ አወቀ። ማወቁ አልጠቀመውም። ኳሷ በስተግራው ዝቅ ብላ አለፈች።

ኸይረዲን እየጮኸ ሮጦ መጣ፤ ልጅቷም እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ሮጠች፤ ሌሎቹም ከበቧት፤ ጩኸታቸው ሙዙ ውስጥ ያሉትን ወፎች አስነሳ። ወደ ጎሉ ዞር ብላ አላየችም።

መረብ ስላልነበረ ኳሷ ወደ ሙዝ ማሳው ገብታለች። አብነት ሊያመጣት ሄደ። ከኋላው ሰዎቹ «ቶሎ በል እንጂ ጋሼ!» ይሉታል፤ እየሳቁ፣ በፍቅር። ቶሎ ለማለት ሞከረ። ሁለት እርምጃ ፈጠን አለ፤ በሦስተኛው ወደ ለመደው አካሄድ ተመለሰ። ሰፋፊ ቅጠሎቹን በእጁ እየገለጠ፣ ኳሷን እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።